በወላድ መንገድ የመጣ ምድጃ

ካርታ ማንበብ እችላለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እግሬ አውጪኝ በሉ። ይህን የምላችሁ ሃያ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ኬክሮስና ኬንትሮስን ከኔ ጠመኔ ያልተማረ ሰው ቢገኝ ወይ ከኔ በፊት የተወለደ ነው፣ ወይ ከክፍል ሲፎርፍ የኖረ ነው። ጡረታ ወጥቼም አመሌ አልለቀቀኝም። ሰው መንገድ ሲጠይቀኝ አፌ ከመመለሱ በፊት እጄ መሬት ላይ ካርታ መሳል ይጀምራል። ጠያቂው ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ካርታዬን ረግጦ ሌላ ሰው ሊጠይቅ ይሄዳል።

ነገሩ የመጣው በታናሽ እህቴ በአለምነሽ ምድጃ ነው። አለምነሽ ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ባለፈው ክረምት ተመለሰች። እዚያ ቤት መስኮቱ መስታወት የሆነ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ነበረ። ለባለቤቶቹ ልጆች ቁርስ ስትጋግር በመስታወቱ ሊጡ ሲነፋ፣ ሲቀላ እያየች "ይሄ የራሴ ቢሆን" ስትል ነው ዘጠኙን ዓመት የጨረሰችው። እንደመጣች ከላላ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ልክ ያንን የመሰለ ባለ መስታወት ምድጃም ከአዲስ አበባ ገዛች። ጫኙ መኪና መካነ ሰላም እኔ ግቢ አራግፎት ተመለሰ። ከዚህ ከላላ ማድረስ የኔ ድርሻ ሆነ።

"ወንድም ጋሼ" አለችኝ በስልክ፣ "በመጪው ገበያ ቀን እከፍታለሁ ብዬ ለከተማው ሁሉ ተናግሬያለሁ። አደራህን መስታወቱን! እሱ ከተሰበረ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም። ፓስፖርቴ ገና አላለፈበትም፤ ተመልሼ እሄዳለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እህቴ ለኔ ድምፅ ብቻ ነበረች። እናታችንን ስንቀብር እንኳ በስልክ ነው ያለቀሰችው። አሁን ደግማ ልትሄድብኝ ነው? አይደረግም! ይህን ምድጃ እንደ ተራ ዕቃ አስጭኜ አልልከውም፣ በሳይንስ ነው የማደርሰው አልኩ። ይኸው ሳይንስ ነው ጉድ የሠራኝ።

በረዶ አገር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰለሞን የሚባል የድሮ ተማሪ አለኝ። ጉዳዬን ብነግረው የሹፌሮችን የስልክ ካርታ ላከልኝ። እንዴት ያለ ካርታ መሰላችሁ! ሽማግሌ ተልኮበት ልጁን የሚድር አባት እንኳ ያን ያህል አይጠይቅም። የመኪናው ከፍታ ስንት ነው? ስፋቱስ? ሲጫን ስንት ይመዝናል? ጎማው ስንት ነው? አደገኛ ጭነት አለ ወይ? እኔም የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈትቼ መኪናዋን መለካት ጀመርኩ።

ምድጃውን ልጭንባት የተከራየኋት መኪና የይመር ናት። ይመር በዚህ አገር ዳገትና ቁልቁለት ጎልምሶ ጎፈሬው የሸበተ ሹፌር ነው። ሻዩን ይዞ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

"መምህር፣ ምን እየሠሩ ነው?" አለኝ።

"ቁመቷን እየለካሁ ነው።"

"ምን ሊያሰፉላት ነው?"

ላልሰማ ወሰንኩ። የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አይናደድም። ትንሽ ብቻ ተናደድኩ።

ካርታው መንገዶችን በደረጃ ከፋፍሎ በቀለም ያሳያል። ቀዩ አንደኛ ደረጃ፣ ቢጫው ሁለተኛ፣ ነጩ ሦስተኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀጭን መስመር "ያልተመደበ" ይባላል። ሁላችንም የምናውቀውን፣ በደጋው ጀርባ ዞሮ ከላላ የሚገባውን ረጅም መንገድ ፈለግሁት። ነጭ ነው፤ ሦስተኛ። እሱን ጥሎ ከመካነ ሰላም በሸለቆው አቋርጦ ቀጥ ብሎ ከላላ የሚገባ ደማቅ ቢጫ መስመር አየሁ። ሁለተኛ ደረጃ! ሰዓቱንም ጽፎታል፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ለተማሪ ደረጃ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ፀጉሩን የተበጠረ፣ ደብተሩን የሸፈነ፣ አንደኛ ከወጣው በግማሽ ነጥብ የተበለጠ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ መንገድም እንደዚያው በግማሽ ነጥብ ከአስፋልት ያነሰ መንገድ መሆን አለበት። ሦስተኛውን የደጋ መንገድማ አዘንኩለት። ስንት ዓመት ስንመላለስበት ለካስ ከሰነፍ ጋር ነው የኖርነው!

"ይመር፣ በዚህ ነው የምንሄደው" አልኩና ስልኩን አሳየሁት።

አየው። ስልኩን አዙሮ አየው። "መምህር፣ ይቺን መንገድ እኔ አላውቃትም።"

"አንተ ላታውቃት ትችላለህ። ፈረንጅ ግን ያውቃታል።"

ይህችን ቃል ተናግሬ ነበር። አሁንም ሳስታውሳት ትራሴን ፊቴ ላይ አደርጋለሁ።

ለገበያው አንድ ቀን ሲቀረው በጠዋት ተነሳን። ምድጃውን በሁለት ፍራሽ አጣብቄ፣ በሦስት ጋቢ ጠቅልዬ፣ ላዩ ላይ የራሴን አበባማ ብርድ ልብስ አልብሼ በገመድ አሰርኩት። ሲያዩት ጉንፋን የያዘው ትልቅ ሰው ይመስላል። የይመር ረዳት እህቱን ሊድር ስለሄደ የረዳትነቱም ሥራ ለኔ ተሰጠ። የረዳት ሥራ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ታኮ የሚሉትን ወፍራም ግንድ ታቅፎ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ ጎማው ስር መወተፍ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ጠመኔ ለያዘ እጅ ታኮ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ላይ መንገዱ እውነትም የጎበዝ ልጅ መንገድ ነበረ። ሰፊ ነው፣ ጠጠሩ ደልደል ብሏል። እኔም ኮራሁና ለይመር ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ማስረዳት ጀመርኩ። ይመር ሬዲዮኑን ከፈተ።

ግማሽ ሰዓት እንደሄድን መንገዱ ላይ ገብስ ተዘርግቶ፣ አራት በሬዎች ላዩ ላይ ሲዞሩ አገኘን። አውድማ ነው! መንሽ የያዘ ገበሬ እኛን ሲያይ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

"ተመስገን! በሬዎቼ ዝለውብኝ ነበር፤ እግዜር እናንተን አመጣልኝ። እባካችሁ ዞር ዞር በሉበት!"

"ወንድሜ" አልኩት በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ "ይህ ሁለተኛ ደረጃ መንገድ ነው። እንዴት እህል ይወቃበታል?"

"ኧረ እኛ ሁልጊዜም እዚሁ ነው የምንወቃው። ማን ያልፍበታል ብለህ?"

ይመር በጎን አየኝ። ቃል ሳይናገር ሰው የሚሰድብ ሹፌር እንደሱ አላየሁም። ገበሬው ለምኖ ለምኖ ገብሱ ላይ አራት ጊዜ ወደፊት፣ አራት ጊዜ ወደኋላ ሄድንበት። እኔ ከኋላ ተንጠልጥዬ "ቀስ! ምድጃው! መስታወቱ!" እያልኩ ጮህኩ። ገበሬው መርቆ፣ እፍኝ ሙሉ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ጨምሮ ሸኘን።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ስለ ቁልቁለቱ ብዙ አልናገርም፤ ብዙውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። ይመር በየጥጉ "ታኮ!" ይላል፣ እኔ እወርዳለሁ። "አንሳ!" ይላል፣ አነሳለሁ። መኪናዋ ትሄድና ታኮ ታቅፌ ከኋላዋ እሮጣለሁ። ለገበያ በግ የሚነዱ ሁለት ጎልማሶች ቆመው አዩኝ። አንደኛው የድሮ ተማሪዬ ኖሯል።

"መምህር! ጡረታው አልበቃ ብሎ ረዳት ሆኑ እንዴ?" አለኝ።

"ስፖርት ነው" አልኩት። ድምፄ ግን ከሳንባዬ አልወጣም።

ወንዙ አፋፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ አለቀ። ጠበበ አላልኳችሁም፣ አለቀ። ፊት ለፊታችን ድልድይ ሊሸከሙ ታስበው የቆሙ ሁለት ምሰሶዎች አሉ፤ ድልድዩ ግን የለም። አንደኛው ምሰሶ ላይ ፍየል ቆማለች። ካርታዬ ላይ ቢጫው መስመር ፍየሏን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ከላላ ይገባል።

ይመር ሞተሩን አጠፋ። ከመሪው እጁን አነሳና፣ "ፈረንጅ ያውቃታል" አለ በለሆሳስ።

ያኔ ነው ስልኬ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ኔትወርክ አግኝቶ ጢው ጢው ያለው። የሰለሞን የድምፅ መልእክት ነው። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎት። ያ ደረጃ የሚባለው መንገዱ የትኛውን ከተማ ከየትኛው ያገናኛል ነው እንጂ መንገዱ ምን ይመስላል ማለት አይደለም። እዚህ አገር ሁሉም አስፋልት ስለሆነ ልዩነት የለውም። እዚያ ግን የአገሩን ሹፌር ይጠይቁ እሺ?"

የአገሩ ሹፌር አጠገቤ ተቀምጦ ቆሎዬን ይበላል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነገ ገበያ ነው። ማዶ ላይ የከላላ ቆርቆሮ ጣሪያዎች በፀሐይ ሲያብለጨልጩ ይታዩኛል። መኪናዋ ወደኋላ ተመልሳ በደጋው ብትዞር ነገ ማታም አትደርስም። በዚያ ላይ ያ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃታል፤ መስታወቱ አይተርፍም። እህቴ ሻንጣዋን ስታወርድ ታየኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ከአቅራቢያው መንደር አባ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። አባ እንድሪስ የመንደሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ እኛ ጋ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ይሸከማል፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው መኪናዋን አዩ፣ ፍየሏን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አላህ በደህና ያምጣችሁ። ምን ጭናችኋል?"

"የዳቦ ምድጃ ነው፣ አባ። ለእህቴ ነው። ነገ ከላላ ካልደረሰ ጉዴ ፈላ።"

"ምኑ ነው የሚፈራለት? ክብደቱ ነው?"

"መስታወቱ ነው። መንገጫገጭ አይችልም።"

አባ እንድሪስ አሰቡ። "ማዶ የሚያሻግር ሦስት መንገድ አለን" አሉ። "የገበያ መንገድ አለ፤ አህያ ይሄድበታል፣ ግን ድንጋያም ነው። የሰባራ መንገድ አለ፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ስንይዝ የምንወጣበት ነው። እሱ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ሰባራው ይጮኻል፣ እኛ እንሮጣለን። የወላድ መንገድ ደግሞ አለ። ምጥ የጠናባትን ሴት ጤና ጣቢያ የምናደርስበት ነው። ይዞራል፣ ጥላ አለው፣ ወንዙንም ውሃው በሚሳሳበት በሜዳው ነው የሚሻገር። ቃሬዛው አይነቃነቅም። አንዷማ ተኝታበት ከላላ ስትደርስ ነው የቀሰቀስናት። መስታወት ከሆነ ወላድ ነው።"

ካርታዬ ስለ መኪናዋ ቁመትና ስፋት ሲጠይቀኝ ውሎ፣ "ምኑ ነው የሚፈራለት?" ብሎ የጠየቀኝ ግን እኚህ ሰው ብቻ ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሳስተምር መንገድ በተሸካሚው ሳይሆን ቃሬዛው ላይ በተኛው ሰው ሕመም እንደሚመደብ የነገረኝ አልነበረም።

አባ እንድሪስ አንድ ጊዜ ተጣሩ፤ ከየማሳው ሰው መጣ። የቅሬው ቃሬዛ መጣ። ምድጃውን ከነፍራሹ፣ ከነጋቢው፣ ከነአበባማ ብርድ ልብሱ አወረዱና ቃሬዛው ላይ አጋደሙት። አሥራ ሁለት ሰው ስሩ ገባ፤ እኔም ገባሁ። ይመር መኪናዋን በጀርባዋ ሊያወጣ ቀረ። "መምህር፣ ታኮውን ይተዉልኝ እንጂ" ሲለኝ ነው እስከዚያ ድረስ ታቅፌው እንደነበር ያወቅሁት።

መንገዱ እንደተባለው ነው። ከዋርካ ዋርካ እየዞረ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ይሄዳል። ችግሩ፣ በወላድ መንገድ ቃሬዛ ሲመጣ ያየ የአገሩ ሰው ምን እንደሚያስብ ማንም አልነገረኝም።

መጀመሪያ ውሃ የቀዱ ሴቶች አገኙን። እንስራቸውን አውርደው ጋቢያቸውን አሸረጡ። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ!" አሉና ተከተሉን። ቀጥሎ ከእርሻ የሚመለሱ እናቶች መጡ፤ "ፋጢማ ትድረስልሽ!" አሉ። ወንዶቹ እርፋቸውን እየጣሉ ትከሻቸውን ከቃሬዛው ስር አስገቡ። አንዲት ባልቴት ወደ ብርድ ልብሱ ጠጋ ብለው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ተንፍሺ" አሉ።

"እናቴ፣ ሰው አይደለም፣ ምድ..." ብዬ ስጀምር፣

"አንተ ዝም በል!" ብለው አቋረጡኝ። "ወንድ በዚህ አይገባም። ክብደቷስ! መንታ ሳይሆን አይቀርም።"

"የማን ናት?" አለች ሌላዋ።

ከፊቴ የተሸከመው ሰውዬ እስትንፋሱ አጥሮት፣ "የመምህሩ ናት" አለ። እንግዲህ እኔ በስድሳ ዓመቴ ወንደላጤ ነኝ፤ ይህንንም ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ የማያውቅ የለም። ወሬው ከኛ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ደጋግሜ ላስተባብል ሞከርኩ፤ ግን ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ወይ ይተነፍሳል ወይ ይናገራል። ሁለቱን አይችልም።

ከላላ ስንገባ ከኋላችን ያለው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። አለምነሽ ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወድቆ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ላይ ድንጋጤም፣ ቁጣም፣ ደስታም አለ፤ የትኛውን ልታስቀድም እንደቸገራት ያስታውቃል።

"ወንድም ጋሼ! ለኔ እንኳን ሳትነግረኝ? መቼ አገባህ? ማን ናት?"

መናገር ስላልቻልኩ ቃሬዛው እንዲወርድ በእጄ ምልክት ሰጠሁና ገመዱን ፈታሁ። አበባማው ብርድ ልብስ ተነሳ። ጋቢዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ፍራሹ ወደቀ።

ባልቴቷ አገጫቸውን ያዙ።

አለምነሽ ተንበረከከች። መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። የራሷ ፊት ሙሉውን፣ አንድም ስንጥቅ ሳይኖርበት ታያት። "ደህና ነው" አለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ "ደህና ነው!" አለችና ምድጃውን እንዳቀፈች እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ተሸካሚዎቹም እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ ላብ ነው ይላሉ፣ አላምናቸውም።

አሁን ሌላ ጣጣ ተነሳ። ያ ሁሉ ሴት እልል ሊል ዳገት ወጥቶ መጥቷል፤ ሳይል አይመለስም። ግን ስንት እልልታ? ለወንድ ልጅ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ለምድጃስ? ገሚሶቹ ብረት ስለሆነ ወንድ ነው አሉ። ገሚሶቹ እንጀራ የምታበላ ሴት ናት አሉ። ክርክሩ ሲጦፍ ባልቴቷ እጃቸውን አነሱ። "ይቺ በየቀኑ ነው የምትወልደው። አትቁጠሩ፣ ዝም ብላችሁ በሉ!" አሉ። አሉት! ተራራው እስኪመልስ ድረስ አሉት። አንዷ ምድጃውን መታ መታ አድርጋ፣ "ማርያም ታሙቅሽ" አለቻት። ለምድጃ ከዚህ የተሻለ ምርቃት አልሰማሁም።

በማግስቱ እኔ መነሳት አቃተኝ። ትከሻዬ አብጦ አንገቴን ዋጠው። አለምነሽ ከመጋገሪያው ክፍል በመጋረጃ የተከለለች አልጋዋ ላይ አስተኝታኝ፣ ያንኑ አበባማ ብርድ ልብስ አለበሰችኝ። ገና ገበያው ሳይሞላ፣ ወሬውን እንጂ መጨረሻውን ያልሰሙ ሴቶች ከሩቅ መንደር ደረሱ። በቅቤ የወዛ ገንፎ በገበታ ይዘዋል።

"እንኳን ማርያም ማረቻት! አራሷ የታለች?"

አለምነሽ እጇ ሊጥ ነው። በአገጯ ወደ መጋረጃው ጠቆመች። "ያችውላችሁ።"

ሴቶቹ መጋረጃውን ገለጡ። ጢሜን አዩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛዋ ግን የመጣችበትን መንገድ አስባ ነው መሰለኝ፣ ገንፎውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

በዚያች ቅጽበት ከወዲያ "ወይኔ!" ሲባል ሰማሁ። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ስላዘነበለ ምድጃው ይወዛወዛል፤ ሊጡም በየመጋገሪያው ወደ አንድ ጥግ ሸሽቷል። ደጅ ላይ ገበያተኛው ተሰልፎ ይጠብቃል።

"ወንድም ጋሼ፣ ታኮ!" አለች።

ተሰብሬም ቢሆን ረዳት ነኝና ልነሳ ተፍጨረጨርኩ። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ አንዱን ጠቆምኳት፤ ሞከረችው፣ ወፍራም ነው። እንጨት ሞከረች፣ ቀጭን ነው። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ወደ አልጋው መጥታ ከትራሴ ስር እጇን ሰደደች፤ ቀይ ደብተሯን፣ ገና ያላለፈበትን ፓስፖርቷን አወጣች። አንድ አፍታ አየችው። ሄዳም ከምድጃው እግር ስር ወተፈችው።

ልክ ሆነ። ምድጃው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"አለምዬ" አልኳት፣ "ያ እኮ..."

"ዝም ብለህ ብላ" አለችኝ፤ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። "አራስ አይናገርም።"

ሌላም የምለው ነበረኝ። ግን አፌን ስከፍት ሴቲቱ ገንፎውን አጎረሰችኝ።